ተራ ቁጥር 3 ይሰረዝልን (ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለ፦ የአጭር ልብ ወለድ ሥልጠናውን ማስታወቂያ ላወጣችሁት ቢሮ
ግልባጭ፦ የጻፈውን ደብተር ፍራሽ ሥር ላስቀመጠ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ከማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር እንዲሰረዝልን ስለመጠየቅ

እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ? የቢሯችሁን ስም ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት፣ ማንንም ለማሳጣት አልተነሳሁም፣ ማስታወቂያውን ያወጣችሁት እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ደጃችሁ ድረስ መጥተው የተመለሱትም ያውቁታል። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ የምሠራ ሴት ነኝ። ማስታወቂያችሁን ያየሁት አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አምጥቶልኝ ነው፣ "እታለም ይሄን አየሽው? አስር ቀን ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ሊያስተምሩ ነው፣ የተመረጠውን ደግሞ በመጽሐፍ ያሳትሙታል" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። የኔም ፊት በርቷል። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ስንመኝ ስንት ዘመናችን ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ምስጋናዬን ተቀበሉኝ፣ ከልቤ ነው።

ከዛ ፎቶውን ሰፋ አድርገን ወደ ታች ስንወርድ መስፈርቱ መጣ። ተራ ቁጥር 1 የቀበሌ መታወቂያ። ተራ ቁጥር 2 ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። ተራ ቁጥር 3 በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ኦሪጅናሉና ኮፒው። አለቀ። ልጁ ምንም አላለም፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና "በይ ደህና ዋይ" ብሎኝ ወጣ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። እስካሁን የጻፋቸውን ሁለት ታሪኮች የተየብኩለት እኔ ነኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ማስታወቂያውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ቦታ ላይ "የጻፋችሁትን ይዛችሁ ኑ" አይልም። ፎቶ ጠይቃችኋል፣ መታወቂያ ጠይቃችኋል፣ ዲግሪ ጠይቃችኋል፣ የልብ ወለድ ሥልጠና ሆኖ ሳለ አንዲት ገጽ ልብ ወለድ ግን አልጠየቃችሁም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፣ ዲግሪ መጠየቃችሁ ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል ባልጻፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ለእህቴ ልጅ ትቼ ራሴ መጣሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ክፉ አልተናገረችኝም፣ እንደውም ወንበር ስባ ቁጭ በይ ብላኛለች፣ እግዜር ይስጣት። 10+2 ሴክሬታሪያል ሳይንስ እንደሆንኩ ነገርኳት፣ 14 ገጽ ታሪክ በፋይል ይዤ ነበር እሱንም አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ "እህቴ እኔ ምን ላድርግሽ፣ መስፈርቱ ነው፣ ጽሑፉን የምንቀበልበት ቦታ ራሱ ፎርሙ ላይ የለም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የለም።

ይሄን ጉዳይ እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት በሥራዬ ምክንያት ስለሆነ ስለሱ ትንሽ ላውራችሁ። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህ ከተማ ሰው ጽሑፍ በጣቴ ሥር አልፏል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የዕድር ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ፣ በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ ደብተር ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ። የልብ ወለዶቹ ባለቤቶች አመጣጣቸው ራሱ ይለያል፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ይመጡና ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይቺ ስንት ትሆናለች?" ይሉኛል፣ የሰው ልጅ የጻፈውን እንደዛ ደብቆ ሲያወጣው ሳይ ሁሌም ሆዴ ይባባል። ጥበቃ አለ፣ ነርስ አለች፣ መምህር አለ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ ጨርሶ የሚመጣ አለ፣ ሻይ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች፣ ዲግሪ ያለውም የሌለውም አለ። እየተየብኩ ስሄድ ማን የተማረ ማን ያልተማረ እንደሆነ በሥርዓተ ነጥቡ ብዙ ጊዜ መለየት እችላለሁ፣ ሀሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ የትኛው ጋ እንደሚያደርጉ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚያቆሙ። በታሪኩ ግን መለየት አቅቶኛል። ሁለቱም ጋ "ጊዜው ክረምት ነበር" ተብሎ ሁለት ገጽ ዝናብ ይዘንባል፣ ሁለቱም ጋ ሰዎቹ በየገጹ ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም ጋ የተጠፋፉ ወንድማማቾች መጨረሻ ላይ በጠባሳ ይተዋወቃሉ። ጥሩ የሆነም ስመለከት እንደዛው ከሁለቱም ነው።

ባለፈው ዓመት ከኩታበር በኩል አንዲት እናት መጡ። ፊደል የቆጠሩት ያኔ 1971 ላይ መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ነው፣ ከዛ በኋላ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ በእርሳስ፣ ከዳር እስከ ዳር። ታሪኩ ባቲ ገበያ ላይ ነው፣ አንዲት በርበሬ ሻጭ ሴት ከዓመታት በፊት አንድ የአፋር ሰው በመያዣ የተወላትን ጩቤ በየሰኞው ቅርጫቷ ውስጥ ይዛ ትወጣለች፣ ምናልባት ከመጣ ብላ። ሰውዬው አይመጣም። አንድ ሰኞ ግን አንድ ወጣት መጥቶ ልጁ ነኝ ይላታል፣ እሷም ልጁ ይሁን አይሁን አታውቅም፣ ቁጭ አድርጋ ምግብ ታቀርብለታለች። እና እዚህ ጋ እንዲህ ይላል ደብተሩ፦ "ልጁ እንጀራውን ሳይቆርስ እንዴት ይጣፍጣል አለ፣ እሷም ከትናንት ጀምሮ እንዳልበላ አወቀች።" እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ከዛ ወዲያ አንድም ጥያቄ አትጠይቀውም፣ ጩቤውን ከእንጀራው ጎን ታስቀምጥለታለች፣ ታሪኩም እዛው ላይ ያልቃል። የማን ልጅ እንደሆነ ሳይነገረን።

ጉድለት የለውም አልልም። በሁለቱ ደብተር ውስጥ አንድም አራት ነጥብ የለም፣ የሴትየዋ ስም መሃል ላይ ተቀይሯል፣ የድርቁ ታሪክ ረዝሞ ገበያውን አስረስቶናል። ሦስት ቅዳሜ አብረን ተቀመጥን፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ እሳቸው ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ይዘው ያዳምጣሉ፣ ድርቁ ጋ ስንደርስ ራሳቸው "ተይው ይውጣ፣ እዚህ ጋ ሰው ይተኛል" አሉኝ። አምስት ገጽ በአንድ ጊዜ አወጡ፣ ሳይሳሱ። እኔ የራሴን አንድ አንቀጽ ለማውጣት ሳምንት የምጨነቅ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ስንት ነገር ተማርኩ።

እኚህን እናት ተራ ቁጥር 3 አያስገባቸውም።

ይሄን ወሎ ላይ ሆኜ ለወሎ ሰው መናገሬ ደግሞ ይብስ ያሳዝነኛል። እንደ ብዙ ወሎዬ የኛም ቤት እስላምም ክርስቲያንም ያለበት ቤት ነው። የእናቴ እናት ቡና አፍልተው ዱዓ ሲያደርጉ መንዙማ ይላሉ፣ የአባቴ እናት ደግሞ አልቃሽ ነበሩ፣ ለቅሶ ሲኖር ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር በቅሎ ተልኮላቸው ይሄዳሉ። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። አንድ ነጋዴ ሞቶ፣ ስንት የሚያስለቅስ ነገር እያለ፣ አያቴ የሟቹ ቤት በር ላይ ቆመው እንዲህ እንዳሉ እናቴ ነግራኛለች፣

በሩን አትዝጉበት ማምሸት ልማዱ ነው፣
እራቱን አኑሩት የያዘው መንገዱ ነው።

ሞተ የሚል ቃል የለበትም። አንድም የእንባ ቃል የለበትም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስለቀሰው ደግሞ አለመባሉ ነው፣ በኋላ ላይ ይሄን ነገር የተማሩ ሰዎች ስም ሰጥተው ሲያስተምሩት ሳይ፣ እንዴ፣ ይሄማ የአያቴ ነው አልኩኝ። የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥም እስከዛሬ በቃሉ የሚወርደው ገበሬ በየወረዳው አለ፣ ሰዉ በአፍ ተቀባብሎ ነው ያቆየው፣ መጽሐፍ የሆነው በኋላ ነው። እነ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር መንዙማውን በአማርኛ ሲደርሱ በአረብኛ ፊደል ነው የጻፉት፣ አጀሚ የምንለውን፣ ያን ጊዜ "የግዕዝ ፊደል ካልሆነ አንቀበልም" የሚል መስኮት ቢኖር ዛሬ ምን ይቀርልን ነበር? ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የኛው አገር ስም ናቸው፣ ማን እንደጀመራቸው እንኳን አልተጻፈም።

"ልብ ወለድ" የሚለው ቃል ራሱ የመጣው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተመው "ልብ ወለድ ታሪክ" ነው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው። አፈወርቅ ጣልያን አገር የተላከው ሥዕል እንዲማር ነበር እኮ። የልብ ወለድ ዲግሪ ከየት ያምጣ፣ ልብ ወለዱም ገና አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ የቅኔ ቤት ልጅ ነው፣ አስተምሯል፣ ጣልያንን ተዋግቷል፣ ተማርኮ ጣልያን አገር ታስሯል፣ ዲፕሎማት ሆኗል፣ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ነው። ዛሬ "ክቡር ዶክተር" ብለን የምንጠራቸው ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ስለሰጣቸው ነው፣ መጽሐፉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ። እናንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁታል።

አሁን ግን ወደ ሌላ ወገን ልዙር፣ ምክንያቱም ይሄን ሳወራ "ልክ ነሽ፣ ትምህርት ምን ያደርጋል፣ ተሰጥኦ ነው ዋናው" የሚሉኝ ልጆች አሉ፣ ከነሱም ጋር አልስማማም። ሱቄ ድረስ መጥቶ "እኔ የሌላ ሰው መጽሐፍ አላነብም፣ ስታይሌን ያበላሽብኛል" ያለኝ ልጅ አለ፣ ወላሂ አዘንኩለት። የቅኔ ቤት ልጅ የምንለው እኮ ዝም ብሎ የተወለደ ባለቅኔ አይደለም። ዋድላ የቅኔ ቤት ስም ነው፣ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከእነ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሳ። እዛ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሜዳ ወጥቶ ብቻውን ሲያስብ ውሎ የራሱን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል፣ የኔታ ያስተካክሉታል ወይም ይመልሱታል፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳል፣ በቆሎ ተማሪነት፣ በረሃብ። ይሄ ከባድ ትምህርት ነው፣ ከብዙ ዲግሪ የሚከብድ። ግን በሩ ላይ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፣ ቅኔህን አምጣ ነው የሚባለው። አሜሪካ አዮዋ ላይ በ1936 እ.ኤ.አ. የጀመረው የደራሲዎች ትምህርት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ የሚተችበት፣ ዓለም ሁሉ የሚያወራለት፣ ውስጡን ስታዩት ከዋድላ ብዙ አይርቅም።

በዓሉ ግርማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ነው፣ ትምህርቱ ጎዳው የሚል አንባቢ አላጋጠመኝም፣ ጠቅሞታል፣ አጭርና የጠራ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ጋዜጠኛው ይታያል። እኔም ብሆን ከዲግሪ ሰው ተጠቅሜያለሁ። አንድ የአማርኛ መምህር ነበሩ፣ በሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው፣ የፈተና ወረቀት ሊያስተይቡ መጥተው ስክሪኔ ላይ ተከፍቶ የረሳሁትን የራሴን ታሪክ አዩት። አነበቡት፣ ዝም ብለው ቆመው እስከ መጨረሻው። ከዛ "ታሪክሽ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው የሚጀምረው፣ የፊቱን ቁረጪው" አሉኝ። ሳምንት አኮረፍኩ። ከዛ ቆረጥኩት፣ ልክ ነበሩ። እሳቸው ናቸው አንጻር ምን እንደሆነ ያስረዱኝ፣ ታሪኩን በማን ዓይን ነው የምናየው የሚለውን፣ እኔ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከእናትየው ልብ ወደ ልጅየው ልብ ከዛ ወደ ውሻው ልብ እየዘለልኩ ነበር። ሴራ (የታሪኩ አካሄድ)፣ መቼት (ታሪኩ የሚሆንበት ጊዜና ቦታ)፣ ግጭት የሚሉትን ቃላትም ከሳቸው ነው ያገኘሁት፣ ነገሩን አውቀው ነበር ስሙን ግን አላውቅም፣ ስሙን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል፣ የታመመውን ቦታ በጣት ለመንካት። መጽሐፍ አዋሱኝ፣ ሳልመልስ ሌላ ጨመሩልኝ። ዲግሪያቸው እኔን የጠቀመኝ እንዲህ ነው። ለኔ "ዲግሪሽን አሳይኝ" ቢሉኝ ኖሮ ሁለታችንም እዛው በየቦታችን እንቀር ነበር።

ስለዚህ እኔ ትምህርት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ለመማር እኮ ነው ደጃችሁ የመጣሁት። ሥልጠና ማለት ያላወቀ እንዲያውቅ አይደለም ወይ? አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ የተማረውን ሰው መቼት ምን እንደሆነ አስር ቀን ከምታስተምሩት፣ ሃያ ዓመት ብቻዋን ስትጽፍ የኖረችውን አስተምሯት። የተማሩትንም አትከልክሉ፣ እነሱም ይምጡ፣ በጽሑፋቸው ይምጡ።

ሩቅ አገር ያለውን ልጨምር። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ስድስት ዓመት ብቻ ነው ትምህርት ቤት የሄደው፣ አንጥረኝነት ተምሮ በኋላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ነበር፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመለት መጽሐፍ ሰፈሩ ሲነገር ከሰማው ተረት የተነሳ ነው፣ የተማሩ ያገሩ ሰዎች እንግሊዝኛውን አፍረውበት ነበር፣ መጽሐፉ ግን እስከዛሬ ይነበባል። ፖርቹጋላዊው ሆዜ ሳራማጎ ደግሞ ቤተሰቡ መክፈል ስላልቻለ የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ መካኒክ ሆነ፣ መኪና ሲጠግን ውሎ ማታ ማታ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ ማንም ሳይመራው ያነብ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ንግግሩን የጀመረው ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉት አያቱ ነው፣ በሕይወቴ ካየሁት ሰው ሁሉ ብልሁ እሳቸው ነበሩ ብሎ። ይሄን ሳነብ አያቴን አስታወስኩ፣ በር ላይ ቆመው። የመካኒኩን ነገር ደግሞ ለባጃጅ ነጂው ልጅ ነገርኩት፣ "ላይብረሪው ግን ማታ ክፍት ነበር አይደል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱ ከሥራ የሚወጣው እዚህ ያለው ላይብረሪ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የአገራችን ሕግም እኮ ከኛ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በራሱ አእምሮ የፈጠረውን ሰው ነው፣ ሥራው ወጥ ከሆነ (ከሌላ ካልተቀዳ) እና ግዙፍነት አግኝቶ ከተቀመጠ፣ ማለትም ደብተር ላይም ቢሆን ከሰፈረ፣ ያለ ምንም ፎርማሊቲ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል፣ ጥራቱን እንኳን አይጠይቅም። ጥበቃው ዕድሜ ልክ ሆኖ ከሞት በኋላ ደግሞ 50 ዓመት ነው። የኩታበሯ እናት እርሳስ ይዘው የጻፉት ታሪክ በአዋጅ የተጠበቀ ነው። ማተሚያ ቤትም ብትሄዱ የሚጠይቋችሁ ቅድሚያ ክፍያ ነው (የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ)፣ መጽሐፍ አዟሪውም ደራሲው ስንተኛ ክፍል ነው ብሎ አያውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ስጽፈው እጄ ይከብዳል። 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ምን እንደሆንን የሁላችንም ቤት ያውቀዋል። ከዛ በኋላ ሱቄ የሚመጣው ደብተር ተለወጠ። ስለ ፍቅር ይጽፉ የነበሩ ልጆች ስለ ምድር ቤት መጻፍ ጀመሩ፣ ስለተዘጋ በር፣ በጨለማ ስለተጋገረ ቂጣ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ቀዳዳ ስላቀበለው ውሃ። አንዳንዱ ታሪክ ብሎ ይጀምረውና መሃል ላይ ስሙን ትቶ "እኔ" ማለት ይጀምራል፣ እያወቅኩ ዝም ብዬ እተይባለሁ። ይሄን የሚጽፉት ብዙዎቹ ዲግሪ የላቸውም፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡት ራሱ በዚህ ምክንያት የሆነም አሉ። ከነሱ ውጭ የሚዘጋጅ የወሎ የአጭር ልብ ወለድ ስብስብ ወሎ ብሎ ሽፋኑ ላይ ሲጻፍበት ይታያችሁ።

ለምን ተራ ቁጥር 3ን እንደጻፋችሁት ይገባኛል መሰለኝ። አንደኛ የሥራ ማስታወቂያ ማውጣት ለምዳችኋል፣ ያው ፎርማቱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ እኔም ስንቱን ተይቤያለሁ። ሌላው ደግሞ ሐሜት ፈርታችሁ ነው፣ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ወንበሩ ጥቂት ነው፣ በጽሑፍ ብትመርጡ "ዘመዱን አስገባ" ይባላል፣ ዲግሪ ግን ወረቀት ነው፣ ያለው አለው የሌለው የለውም፣ ማንም አያማችሁም። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ላለ ሰው ይሄ ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም። ግን ሐሜቱን የሚያስቀር ሌላ መንገድ አለ። እያንዳንዱ አመልካች አምስት ገጽ ያምጣ፣ ስም የሌለበት፣ ቁጥር ብቻ ይጻፍበት፣ ስሙና ቁጥሩ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። ሁለት አንባቢ ለየብቻ ያንብቡት፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመር። አንባቢ ደግሞ ሞልቷል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ መምህራን እዚሁ ደሴ አሉ፣ ያን ዲግሪያቸውን እዚህ ላይ ይጠቀሙበት፣ እኔን ያነበቡኝ መምህር እንዳደረጉት። ላልተመረጠው ሰው ሁለት መስመር ጻፉለት፣ ይሄ ይሄ ጥሩ ነው ይሄ ይቀረዋል ብላችሁ፣ እኛ ያጣነው እኮ አንባቢ ነው፣ ሃያ ዓመት ጽፎ አንድ ሰው ያላነበበለት ሰው አለ። ላይብረሪውንም በሳምንት ሁለት ማታ እንኳን እስከ ሦስት ሰዓት ክፈቱት።

በእጅ ጽሑፍ ነው የሚያመጡት፣ ማን ይተይበዋል ካላችሁ እኔ አለሁ። በነፃ። ወረቀቱንም ከኔ፣ እስከ ምዝገባው መጨረሻ ድረስ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው፣ አብሮኝ የሚሠራ ሁለት ጎረቤት ጽሕፈት ቤት ደግሞ እሺ ብለውኛል። እናንተ ብቻ ፎርሙ ላይ ጽሑፉን የምትቀበሉበት አንድ ቦታ ጨምሩ።

ተራ ቁጥር 3ን ለመሰረዝ ስብሰባ ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል፣ ተሰብሰቡ፣ ቀኑን ግን እዩልኝ፣ ምዝገባው አርብ ያበቃል ይላል ማስታወቂያው። ለኩታበሯ እናት ነገሩን በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፣ ቸኩዬ፣ መስፈርቱን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ማለት ነው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ከሰጠሻቸው በቂ ነው" ነበር ያሉኝ። ደብተሮቹና የተየብኩት ጽሑፍ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ለገበያ ደሴ ይመጣሉ፣ ሲመጡ ሳይጎበኙኝ አይሄዱም፣ በሩ ላይ ጫማቸውን አራግፈው ሳይቀመጡ "እህ፣ አነበቡት?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ።